ከዓሣ ገንዳ ወደ ላጉን፦ የካርልስባዱ አልጌ ጉዳይ

ጁን 12 ቀን 2000 ጠላቂ ባለሙያዎች በካሊፎርኒያ፣ ካርልስባድ ከተማ፣ አጉዋ ሄዲዮንዳ የሚባለው ላጉን ውስጥ ገቡ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ካርልስባድ ከሳንዲያጎ በስተሰሜን ትገኛለች። ላጉን ማለት በጠባብ በር ከባሕር ጋር የሚገናኝ፣ ማዕበል ብዙም የማይደርስበት ጨዋማ ውሃ ነው። የመጡበት ጉዳይ ተራ ነበር፤ ቀደም ሲል የተተከለ የባሕር ሣር ጸድቆ እንደሆነ ማየት። ከሣሩ መሀል ግን ያልጠበቁት ነገር አገኙ። ደማቅ አረንጓዴ ነው። እንደ ሐረግ መሬት ለመሬት የሚሳብ ግንድ አለው። ከግንዱ ላይ ላባ የሚመስሉ ቅጠሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር በቅሎ አያውቅም።

ናሙናው ሲመረመር ኮለርፓ ታክሲፎሊያ የሚባል አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል መሰል ነገር፣ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ለብዙ ሰው ምንም አይልም። የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ግን ያውቀዋል። ምናልባትም ከሳሎኑ ዓሣ ገንዳ ሥር እያበቀለው ይሆናል።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ስለ ሪፍ አኳሪየም ሲወራ ወሬው ሁሉ ወደ ገንዳው ስለሚገባው ነው፤ የትኛው መብራት፣ የትኛው ጨው፣ የትኛው ኮራል። ከገንዳው ስለሚወጣው ማንም አያወራም። ካርልስባድ ላይ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ያስወጣው ግን ከገንዳ የወጣው ነው።

ይህ አልጌ ሰው ቤት ምን ይሠራል?

የሪፍ አኳሪየም ማለት ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሕይወት ያለው ኮራል የሚኖርበት ገንዳ ነው። ውሃው የባሕሩን ያህል ጨዋማ መሆን አለበት፤ በአንድ ሊትር 35 ግራም አካባቢ። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ መርጋት አለበት። እስከዚህ ድረስ በገንዘብ የሚገዛ ነው። አስቸጋሪው ቆሻሻው ነው። ዓሣው ይበላል፣ ይጸዳዳል። የተረፈው ምግብ ይበሰብሳል። ከዚህ ሁሉ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ላይ ይህ ዑደት እስኪደላደል ሳምንታት ይፈጃል። ቸኩሎ ዓሣ የሚጨምር ሰው ዓሣውን ይቀብራል።

ናይትሬት እንደ አሞኒያ ፈጥኖ አይገድልም። ግን የትም አይሄድም፣ ይጠራቀማል። ከምግቡ የሚመጣው ፎስፌትም አብሮት ይጠራቀማል። ሁለቱ ሲበዙ ድንጋዩ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል፣ መስታወቱ ቡኒ ይለብሳል፣ ኮራሉ ይከፋዋል። ሰው ውሃ ይቀይራል፤ ቆሻሻውን በአረፋ ጠልፎ የሚያወጣ ፕሮቲን ስኪመር የሚባል መሣሪያም ይገጥማል።

ሌላ ዘዴም አለ፤ በጣም ብልህ ዘዴ ነው። ከዋናው ገንዳ ሥር፣ ካቢኔው ውስጥ፣ ሁለተኛ ትንሽ ገንዳ ይቀመጣል። ሬፉጂየም ይሉታል። ውሃው ከላይ እየወረደ በዚያ ያልፍና በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። እዚያ ውስጥ ሆን ተብሎ አልጌ ይበቅላል። አልጌው ናይትሬቱንና ፎስፌቱን እየበላ ያድጋል። ባለቤቱ በየጊዜው በመቀስ ይከረክመዋል። የተቆረጠው ሲወጣ ቆሻሻውም አብሮ ወጣ ማለት ነው። ምንም ኬሚካል የለበትም።

ለዚህ ሥራ ኮለርፓ (ታክሲፎሊያ ከዝርያዎቹ አንዱ ነው) ለረጅም ጊዜ ተመራጭ ነበር። ርካሽ ነው፤ እንዲያውም ጓደኛ ለጓደኛ በፌስታል የሚሰጣጠው ነገር ነው። ያምራል። ቶሎ ያድጋል። በቀላሉ አይሞትም። አንድ ዓመል ብቻ አለበት፦ የኮለርፓ ዝርያዎች አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነው የያዙትን ሁሉ ውሃው ላይ ይዘረግፋሉ። የመራቢያ ጊዜያቸው ነው። ጠዋት ባለቤቱ ሲነሳ ገንዳው አረንጓዴ ወተት ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ፈርተው የሬፉጂየሙን መብራት 24 ሰዓት የማያጠፉ ሰዎች ነበሩ።

የማይሞትበት ምክንያት አፈጣጠሩ ነው። ኮለርፓ ግንድ፣ ቅጠልና ሥር ያለው ይመስላል፤ ግን መላው አካሉ አንድ ሴል ነው። በውስጡ ግድግዳ የለም። እልፍ ኒውክለሶች (የሴል እምብርቶች) በአንድ ረጅም ቱቦ ውስጥ ይፈሳሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲቆረጥ ፈስሶ ማለቅ ነበረበት። እሱ ግን ቁስሉን ወዲያው ይደፍናል። ከዚያ የተቆረጠው ቁራጭ ራሱን የቻለ አልጌ ይሆናል። የአንድ ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይበቃዋል። በዚያ ላይ አብዛኛው ዓሣ አይነካውም፤ ኮለርፔኒን የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር በውስጡ አለ። እንግዲህ በመቀስ የምንከረክመው ይህንን ነው።

ወደ ካርልስባድ ከመመለሴ በፊት ስለ ሞናኮ መናገር አለብኝ። ሞናኮ ባይኖር ካሊፎርኒያ ያን ያህል አትደነግጥም ነበር።

ታክሲፎሊያ የሞቃት ባሕር አልጌ ነው። በጀርመን፣ ሽቱትጋርት ከተማ፣ ቪልሄልማ የሚባለው የእንስሳት ማቆያ በአኳሪየሙ ያበቅለው ነበር። የእሱ ዘር ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ለሌሎች አኳሪየሞችም ተሰጠ። በፈረንሳይ ናንሲ ደረሰ፤ ከዚያም ሞናኮ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ የተሠራው የውቅያኖስ ሙዚየም ገባ። በ1984 ልክ ከሙዚየሙ ሥር፣ ባሕሩ ውስጥ፣ አንድ ካሬ ሜትር የሚያህል የታክሲፎሊያ ንጣፍ ታየ። ያን ጊዜ አንድ ጠላቂ ከሰዓት በኋላ ነቅሎ ሊጨርሰው ይችል ነበር። ማንም አልነካውም። የሞቃት ባሕር አልጌ ስለሆነ ክረምቱ ይገድለዋል የሚል እምነት ነበር።

አልገደለውም። የሜዲትራኒያን ክረምት 12 እና 13 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ዘር ያንን ቻለ። በኋላ የተሠሩ የዘረመል ጥናቶች የዘሩን መነሻ ወደ አውስትራሊያ፣ ሞርተን ቤይ አካባቢ ወሰዱት። እዚያ ውሃው እንደ ምድር ወገቡ ሁሌም የሞቀ አይደለም። በ1989 የኒስ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አሌክሳንደር ሜይኔዝ ሲያጠናው ንጣፉ አንድ ሄክታር ሆኖ ነበር። በአምስት ዓመት አሥር ሺህ እጥፍ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ነው። ሜይኔዝ ከሙዚየሙ ነው የወጣው አለ። የሙዚየሙ ሰዎች ደግሞ በተፈጥሮ ከቀይ ባሕር በስዊዝ በኩል መጥቶ ይሆናል፣ ወይም እዚያው የነበረ ሌላ ዝርያ ተለውጦ ይሆናል አሉ። ጋዜጦቹ «ገዳይ አልጌ» ብለው ጮኹ። ስብሰባ ተጠራ፣ ጥናት ታዘዘ። አልጌው ግን ስብሰባውን አልጠበቀም። በጀልባ መልሕቅና በዓሣ መረብ እየተንጠለጠለ ሄደ። እርጥብና ጨለማ የመልሕቅ ማስቀመጫ ውስጥ ከውሃ ውጭ ለቀናት መቆየት ይችላል። ወደ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስፔን፣ ክሮኤሺያ፣ በመጨረሻም ቱኒዚያ ገባ። በ2000 መጨረሻ ሜይኔዝና ባልደረቦቹ የተዛመተበትን ቦታ ሲደምሩ 191 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ላይ 131 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ።

ማን ከየት አመጣው የሚለው ክርክር የተፈታው በዲኤንኤ ነው። በ1998 የወጣው ጥናት የሜዲትራኒያኑና የአኳሪየሞቹ አልጌ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አሳየ። ያን ጊዜ ግን ማን አመጣው የሚለው ጥያቄ ዋጋው ወርዷል። ባሕሩ ውስጥ ነው፣ አለቀ።

እኛ አገር ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስቸግርም። እምቦጭም መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ነው ሰው ከአገር አገር ይዞት የዞረው። በቆቃና በአዋሽ በ1965 ተመዘገበ። ጣና ላይ በ2011 ታየ። ጣና ዳር እጅ ለእጅ ተያይዞ አረም ሲነቅል የዋለ ሰው፣ አንድ ካሬ ሜትር ላይ መያዝና አንድ ሄክታር ላይ መያዝ ምን ያህል እንደሚለያይ ከማንም በላይ ያውቃል።

ካሊፎርኒያ ይህን ሁሉ አንብባ ነበር። በ1998 ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች ለአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ለብሩስ ባቢት ደብዳቤ ጽፈው ይህ ዘር እንዳይገባ ይከልከል ብለው ጠይቀው ነበር። በ1999 የሜዲትራኒያኑ ዘር በፌዴራል ደረጃ በአደገኛ አረሞች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ስለዚህ በጁን 2000 የካርልስባዱ ናሙና ማንነት ሲታወቅ ማንም «ቆይ እስኪ እናጥናው» አላለም። በኖቬምበር 2000 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የዲኤንኤ ውጤት የካሊፎርኒያውም ያው የሜዲትራኒያኑ ዘር ነው ሲል፣ ማጥፋቱ ከተጀመረ ወራት አልፈው ነበር።

በ17 ቀን ውስጥ ነው የተጀመረው። መንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ተአምር ነው። እንዴት ሆነ? አንደኛ፣ ጠላቂዎቹ ቀድሞም እዚያው ሥራ ላይ ስለነበሩ ጨረታ ማውጣት፣ ሰው መፈለግ አላስፈለገም። ዋናው ግን ሌላ ነው። የሳንዲያጎ አካባቢ የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ ቦርድ ሠራተኞች ጉዳዩን እንደ ነዳጅ መፍሰስ አደጋ ቆጠሩት። ነዳጅ ሲፈስ የሚለቀቅ የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ አለ። አረም ሲበቅል የሚለቀቅ ግን የለም። አረሙን ነዳጅ ነው አሉና ገንዘቡን አስለቀቁ። ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ጀግና ያ ወረቀት ላይ የፈረመው ሰው ነው።

የፌዴራል፣ የክፍለ ግዛትና የከተማ መሥሪያ ቤቶች፣ የላጉኑ ባለድርሻዎችና ሳይንቲስቶች አንድ ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ላጉኑ የብዙ ሰው ነው። በ1950ዎቹ የተቆፈረው ኤንሲና ለሚባለው የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ውሃ እንዲሰጥ ነው። በውስጡ ሙሰልና ኦይስተር የሚባሉ፣ የሚበሉ ባለ ዛጎል እንስሳት እርባታ ነበር። ጀልባና የውሃ ላይ ስኪ የሚወዱ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። በዚያው ዓመት በስተሰሜን በኦሬንጅ ካውንቲ፣ ሀንቲንግተን ሀርበር ላይ ይኸው አልጌ ተገኘ። ቦታው ሁለት ሆነ።

እንዴት ይገደል? መንቀል አይቻልም። በእጅ ሲነቀል ይበጣጠሳል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ሌላ ቦታ ይተከላል። ባሕር ውስጥ መድኃኒት መርጨትም አይሆንም፤ ውሃው ይበትነዋል። ስለዚህ አልጌውን ካለበት ሳያነቃንቁ ለመሸፈን ወሰኑ።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ጠላቂው ጥቁር፣ ወፍራም የፒቪሲ ሸራ ይዞ ይወርዳል። ሸራውን በአልጌው ላይ ቀስ ብሎ ያነጥፋል። ቶሎ ካለ ጭቃው ይነሳና እጁን እንኳ ማየት ያቅተዋል። ዳር ዳሩን አሸዋ በተሞላ ጆንያ ይጭነዋል፤ ቀዳዳ መተው የለበትም። ብርሃን ተዘጋ ማለት ነው። ግን ጨለማ ብቻውን ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ በሸራው ላይ በተሠሩ ቀዳዳዎች በኩል ፈሳሽ ክሎሪን ወደ ውስጥ ይገፋል። ያው ልብስ የምናነጣበት በረኪና ነው፣ ጠንከር ያለው። በኋላ ላይ ፈሳሹን ትተው ቀስ ብሎ የሚሟሟ የክሎሪን እንክብል ከሸራው ሥር መበተን ጀመሩ። ይህ ለአያያዝ ቀለል ይላል።

ከሸራው ሥር የነበረው ሁሉ ሞተ። አልጌው ብቻ አይደለም። የባሕር ሣሩም፣ ትሉም፣ ቀንድ አውጣውም። ሊያዩት መጥተው የነበረው ያ የተተከለ ሣር በከፊል የዚሁ ሰለባ ሆነ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ የባሕር ተፈጥሮን ለማዳን ባሕር ውስጥ በረኪና ይደፋል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሣሩ ከዳር ዳሩ ተመልሶ ይገባል። አልጌው አንዴ ላጉኑን ከሞላ በኋላ የሚመለስ ነገር አይኖርም ነበር። እኔ ብሆንም በረኪናውን እመርጣለሁ።

ሸራው ሥር ያለው ሞቷል ብሎ ማመንም አልበቃም። ከሸራው ሥር ጭቃው በቱቦ እየተወሰደ ወደ ላብራቶሪ ሄደ። ብርሃንና ምቹ ሙቀት ተሰጠው። አንዲት ቁራጭ ብትተርፍ እዚያ ትበቅላለች። አልበቀለችም።

የከበደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የታየውን መግደል ቀላል ነው፤ ያልታየውን ማግኘት ነው ችግሩ። የአጉዋ ሄዲዮንዳ ውሃ ብዙ ጊዜ ደፍራሽ ነው። ጠላቂዎች ገመድ እየዘረጉ፣ ጎን ለጎን እየዋኙ፣ የላጉኑን ወለል እርሻ እንደሚያርስ ሰው ትልም በትልም አዳረሱት። ከዚያ ደግመው አዳረሱት። ዓመት አለፈ፤ አሁንም ደገሙት። ጠላቂው አልጌ የለም ሲል፣ በእርግጥ የለም ማለት ነው ወይስ አላየውም? ይህን ለመለየት ሰው ሠራሽ አልጌ ወለሉ ላይ ተደብቆ ይተከልና ስንቱን እንዳገኙት ይቆጠር ነበር። ብልሃቱን ወደድኩት። «የለም» የሚለው መልስ ሚዛን ላይ ወጣ ማለት ነው። እኛ ቤት አሞኒያ ዜሮ ነው የሚል መመርመሪያ ስንገዛ፣ መመርመሪያው ራሱ ይሠራል ወይ ብሎ የሚፈትሽ ስንቱ ነው?

ከሰው ጋርም ግብግብ ነበር። የጀልባ ሞተር ወይም መልሕቅ ቁራጭ ይዞ እንዳይሄድ የላጉኑ አጠቃቀም ላይ ገደብ ተጣለ። ጀልባና ስኪ ወዳዶቹ ተቆጡ። የማይታይ አረም ምክንያት ሆኖ ቅዳሜና እሑዳቸው ሲወሰድባቸው ለምን አይቆጡ? ዳሩ ላይ ቤት የገዛ ሰው ቤቱን የገዛው ለዚያ ውሃ ነው።

ጁላይ 2006 ላይ አልጌው ከካሊፎርኒያ ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። ስድስት ዓመት፣ ከሰባት ሚሊዮን ዶላር በላይ። ከባሕር ወራሪ አረም ጋር በተደረገው ትግል እንዲህ በድል የተጠናቀቀ ጉዳይ ብዙ አይገኝም። በአውስትራሊያ፣ አደላይድ ከተማ ዌስት ሌክስ ላይ፣ ይኸው አልጌ ጨዋማውን ሐይቅ በጨው አልባ ውሃ በመሙላት ጠፍቷል። ግን እንዲህ ለማድረግ እንደዚያ የሚዘጋ ሐይቅ ያስፈልጋል።

ካርልስባድ ላይ ማን እንደደፋው አልታወቀም። ምስክር የለም፣ የተከሰሰ የለም። ግን የአኳሪየም ዘር ነው፣ በራሱ እግር አልመጣም። ገንዳውን የሚያፈርስ ሰው ይሁን፣ ከሬፉጂየሙ የተከረከመውን በባልዲ ወስዶ የጎርፍ ቦይ ውስጥ የደፋ ይሁን፣ ያ ሰው ክፉ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። «ከባሕር የመጣ ወደ ባሕር ይመለስ» ብሎ ይሆናል። ምናልባትም ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ መጣሉ አሳዝኖት ነው።

የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች በ2001 ዘጠኝ የኮለርፓ ዝርያዎችን መሸጥ፣ ማስገባትም ሆነ መያዝ ከለከሉ። ቅጣቱ ከ500 እስከ 10,000 ዶላር ነው። ሁሉንም ኮለርፓ ለምን አልከለከሉም? የአኳሪየም ነጋዴው ስለተቃወመ ነው። ታክሲፎሊያ ጥፋተኛ ከሆነ ሌሎቹ ምን አደረጉ የሚል ክርክር ነው። ወረቀት ላይ ያስኬዳል፤ ሱቅ ውስጥ ግን አይሠራም። የኮለርፓ ዝርያዎች እንደ ብርሃኑና እንደ ውሃው መልካቸውን ይቀያይራሉ። ባለሙያ እንኳ አጉሊ መነፅር ይዞ ይሳሳታል። የሱቁ ልጅ ከየት ያውቃል? ሕጉ ሊወጣ አካባቢ በደቡብ ካሊፎርኒያ 50 የአኳሪየም ሱቆች ሲታዩ 26ቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ኮለርፓ ይሸጡ ነበር፤ ታክሲፎሊያው ራሱ የተገኘባቸውም ነበሩ። የሳንዲያጎ ከተማ ግን ክርክሩ ውስጥ አልገባችም። ኮለርፓ የተባለውን በሙሉ ከለከለች።

በ2021 የነጋዴዎቹ ክርክር ወደቀ። ኒውፖርት ቤይ ላይ ኮለርፓ ፕሮሊፌራ ተገኘ። ከዘጠኙ ውስጥ ያልነበረ፣ በሕግ የሚሸጥ ዝርያ ነው። ጠላቂዎች በመምጠጫ ፓምፕ እየሳቡ አወጡት። በ2023 ደግሞ ሳንዲያጎ ቤይ ውስጥ፣ ኮሮናዶ አካባቢ ተገኘ፤ ሸራው እንደገና ወጣ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ መላውን የኮለርፓ ወገን ከለከለች። የሳንዲያጎ ከተማ ቀድማ የደረሰችበት ቦታ ለመድረስ ክፍለ ግዛቱ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀበት። ካሊፎርኒያ የምትኖሩና ገንዳ ያላችሁ ወገኖች፣ ጓደኛ በፌስታል ሲሰጣችሁ አትቀበሉ። «ትንሽ ነው» ማለት አያድንም።

የሜዲትራኒያኑ ታሪክ ደግሞ ያልተጠበቀ መጨረሻ አለው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አጭበረበርኩ ማለት ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ታክሲፎሊያ ከፈረንሳይ ዳርቻ በብዛት ቀነሰ። ሞናኮን ሞልቶት የነበረው ንጣፍ በአብዛኛው ጠፋ። ሰው አይደለም ያጠፋው፤ ራሱ ነው የደከመው። ይህን ይዘው «አየህ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን ነበር?» የሚሉ አሉ። ካርልስባድም ዝም ቢባል ሰባት ሚሊዮኑ ይተርፍ ነበር ይላሉ።

አይመስለኝም። በመጀመሪያ፣ ከ1984 ጀምሮ አልጌው ሃያ ዓመት የፈነጨበት ባሕር ነው። ፖሲዶኒያ የሚባለው የሜዲትራኒያን የባሕር ሣር በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሳብ ተክል ነው፤ ያጣውን ቦታ በአንድ ትውልድ አይመልስም። ሁለተኛ፣ ታክሲፎሊያ ሲደክም ኮለርፓ ሲሊንድራሲያ የሚባል ዘመዱ ሜዲትራኒያንን እያዳረሰ ነበር። ሦስተኛ፣ በጁን 2000 ካርልስባድ ላይ የቆመ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሞናኮ በጠበቀችበት ጊዜ ምን እንደሆነ።

ታዲያ ሬፉጂየም ይቅር? የለም። ዘዴው ራሱ ጥሩ ነው። ዛሬ ብዙው ሰው በኮለርፓ ፋንታ ኬቶሞርፋ የሚባለውን ይጠቀማል። የተወሳሰበ አረንጓዴ ክር ነው፤ ድንጋይ ላይ አይጣበቅም፣ እየተንሳፈፈ ይሽከረከራል። እንደ ኮለርፓ በአንድ ሌሊት አይዘረገፍም። ናይትሬቱንና ፎስፌቱን በደንብ ይበላል። ስትከረክሙትም ቀላል ነው፤ ግማሹን በእጅ ቦጭቆ ማውጣት። እሱም ቢሆን ወደ ባሕር አይጣልም።

የሚወጣውን እንዲህ ማድረግ ነው። የተከረከመውን አልጌ በፌስታል አስሮ ቢያንስ 24 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ፤ ከዚያ ቆሻሻ ውስጥ መጣል። ገንዳው ሲፈርስ ድንጋዩም እንዲሁ። «ላይቭ ሮክ» የምንለው ድንጋይ በቀዳዳዎቹ ውስጥ በዓይን የማይታይ የአልጌ ቁራጭ ይይዛል፤ ከሱቅ ሳይታወቅ አብሮ የሚመጣውም በዚሁ መንገድ ነው። ድንጋዩን ለሌላ ሰው ካልሰጡት ማድረቅና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ማስወገድ። የሚቀየረው ውሃ ቤት ውስጥ በሲንክ ወይም በሽንት ቤት ይደፋል፤ ይህ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ይሄዳል። ደጅ ባለው የጎርፍ ቦይ ግን በፍጹም። ካሊፎርኒያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ የጎርፍ ቦይ በአብዛኛው ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ወይም ባሕር ይገባል። ኤይላትና ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ቦዩ የሚወስደው ሕይወት ያለው ኮራል ያለበት ባሕር ውስጥ መሆኑን አትርሱ። ዓሣና ኮራል መያዝ ከሰለቻችሁ፣ ሱቁ ብዙ ጊዜ መልሶ ይወስዳል። ካልወሰደም ሌላ ገንዳ ያለው ሰው አይጠፋም፤ በዚህ መዝናኛ የተያዘ ሰው በነፃ የመጣ ኮራል እምቢ ሲል አላየሁም።